የሚያጉረመርመው ሻወር

ሰፈሩ «ባለሻወሯ» ይላታል። የሕዝቡን ሻወር ቤት የምትጠብቀው እሷ ናት። መግቢያው አጠገብ ካለች ትንሽ መስኮት ኋላ ተቀምጣ ሳሙና ትሸጣለች፣ ፎጣ ታከራያለች፣ ተራ ትጠራለች፤ አንዱ ገብቶ ሲቆይባት ደግሞ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ኮሪደሩን ትዘልቅና በሩን አንኳኩታ «ወንድሜ፣ ቆዳህንም ልታወልቀው ነው እንዴ?» ትለዋለች። ዕድሜዋ አርባን አለፍ ብሏል። ባል አላገባችም። ለምን ሲሏት፣ ሰው ሁሉ እሷ ዘንድ የሚመጣው ቆሽሾ እንደሆነ፣ ታጥቦ ሲያምርበት ደግሞ ወደ ሌላ እንደሚሄድ ትናገርና በገዛ ቀልዷ ትስቃለች።

ሳቅ መቼም የእሷ ችግር ነው። አንዴ ከያዛት አይለቃትም። ከሆዷ ይነሳል፣ ትከሻዋን ያርገፈግፋል፣ ዓይኗን በእንባ ይሞላል፣ በመጨረሻም በመስኮቱ ወጥቶ መንገድ ይሻገራል። ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ሳቋን ሲሰማ ቶሎ ብሎ ምላጩን ከደንበኛው ጉሮሮ ላይ ያነሳል፤ ደንበኛው ምን እንደተባለ ሳያውቅ አብሮ መሳቅ ይጀምራልና።

ታላቅ እህቷ ደግሞ ለብቻዋ የተፈጠረች ሰው ናት። ከሻወር ቤቱ ጎን በተለጠፈች ጠባብ ክፍል ልብስ ትሰፋለች፤ በዓለም ላይ የማታምንበት ነገር የለም። ሰኞ ሰኞ ደጃፏን በጨው ውሃ ታጥባለች። ስትጠርግ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ ነው፤ ሲሳይዋ ከቆሻሻው ጋር ተጠርጎ እንዳይወጣባት። መቀስ ከሰው እጅ አትቀበልም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡልኝ ትላለች። ዓይኑ ከባድ ነው የምትለው ሰው የሰፋችውን ቀሚስ ካደነቀባት፣ ሰውዬው ከደጅ ሳይርቅ ቀሚሱ ሳፋ ውስጥ ገብቷል። ስታነጥስ እንኳ በየትኛው አፍንጫዋ እንደጀመረ ታስታውሳለች። ባለሻወሯ በዚህ ሁሉ አትከራከራትም። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገቻት ይህችው እህቷ ናትና፣ የሻወር ቤቱን ደጃፍ ልርጭልሽ ስትላት «ርጪ እትዬ» ትልና እግሯን ታነሳላታለች።

ሻወር ቤቱ ረጅም ኮሪደር ነው፤ ግራና ቀኙን ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ የቆርቆሮ በሮች ይዘውታል። መጨረሻ ላይ ያለው ክፍል ግን ከሌሎቹ ይለያል። ቧንቧው ሲከፈት መጀመሪያ ዝም ይላል። ቀጥሎ፣ ያለ ጊዜው ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሽማግሌ፣ ከግድግዳው ውስጥ ረጅምና ወፍራም ጉርምርምታ ያሰማል። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ የሳሙና ማስቀመጫው ይንኳኳል፣ የሻወሩ ራስ አንዴ ሁለቴ ይተፋል። ከዚያ ከሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የበለጠ ሞቅ ያለ ውሃ እንደ ልብ ይለቃል። ነባር ደንበኞች ድምፁን ስለማይወዱት ወደዚያ አይገቡም ነበር። ባለሻወሯም ወደዚያ የምትልከው እንግዳ ሰው ወይም ችኩል ሰው ሲመጣ ብቻ ነው።

ነገሩን የጀመረው አንድ ባለታክሲ ነው። ቤቱ በሞላበት ቀን ቸኩሎ መጣና ያለ ውዴታው እዚያ ክፍል ገባ። በማግስቱ መኪናውን መንገድ መሃል አቁሞ እየሮጠ መጣ። አንድ ትልቅ ሱቅ ለደንበኞቹ ባዘጋጀው ዕጣ ፍሪጅ ወጥቶለታል። ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን ዕጣ ሲቆርጥ ኖሮ ከእስክሪብቶ ሌላ ደርሶት አያውቅም። ከሌላው ጊዜ የተለየ ያደረገው ነገር ምን እንደሆነ ቢያስብ ቢያስብ፣ ከዚያ ከሚያጉረመርም ቧንቧ ሌላ ምንም አላገኘም። ፍሪጁ በኪራይ ቤቱ በር አልገባ ብሎ ደጅ መቆሙ እንኳ ደስታውን አልቀነሰውም።

ወሬው ገና ሳይበርድ አንዲት ፀጉር ሠሪ እዚያው ክፍል ታጠበች። የምትወደው ሰው ስልኩን ዘግቶ ከጠፋ ሰነባብቷል። ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ኮሪደር ላይ ሳለች ስልኳ ጮኸ፤ እሱ ነበር። እንባዋና ከፀጉሯ የሚወርደው ውሃ ተደባልቆ ባለሻወሯን አቅፋ ሙሉ በሙሉ አራሰቻት። ቀጥሎ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ መጣ። እሱ ጠፍቶበት የነበረው ሰው ሠራሽ ጥርሱ ነው፤ ታጥቦ ወጥቶ ኮቱን ሲለብስ ከደረት ኪሱ አገኘው። ባለሻወሯ ጥርሱ ድሮም እዚያው ሳይሆን አይቀርም ብላ አሰበች። ነገር ግን ፖስተኛው ጥርሱን አጥልቆ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ሙሉ አፉን ፈገግ ሲልላት ይህን ለመናገር ልቧ እንቢ አላት።

ከዚያ በኋላ ማን ሊይዘው። ወሬው ክንፍ አወጣ። በማለዳ በሩን ስትከፍት ሰልፉ ፀጉር አስተካካዩ ደጅ ደርሶ ይጠብቃታል፤ ሁሉም የሚፈልገው ያንኑ የመጨረሻውን ክፍል ነው። ሌሎቹ ክፍሎች ባዶ ቢሆኑም ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም።

ሥርዓትም ወጣለት። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ግን አንድ ቀን ሲነጋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቧንቧው ተናግሮ ሳይጨርስ ውሃ ውስጥ አይገባም። የመጀመሪያው ውሃ ሳሙና አይነካውም። የራቀ ሰው እንዲመለስ የሚፈልግ በሙቅ ውሃ፣ ያልፈለገው ሰው እንዲርቅለት የሚፈልግ በቀዝቃዛ ይታጠባል። ሲወጡ ወደ ኋላ አይታይም። ፖስተኛው በግራ እግር ነው የሚገባው ሲል፣ ፀጉር ሠሪዋ በቀኝ ነው አለችና ተጣሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዳንዱ ደንበኛ ሁለቱንም ላለማስቀየም እግሩን ገጥሞ ዘሎ ይገባ ጀመር። ባለሻወሯ እነዚህን ዘላዮች ባየች ቁጥር ሻሿን ነክሳ መስኮቱ ስር ትደበቃለች።

ሰው ባዶ እጁንም መምጣት ተወ። ለክፉ ዓይን ጨው፣ ለሥራ ሎሚ፣ ለትዳር ሽታው የሚያውድ ቅጠል ይዞ ይመጣል። የሰፈሩ የኳስ ቡድን በረኛ ጓንቱን አጠበ። አንዲት እናት ልጇ የሚፈተንበትን እስክሪብቶ በፎጣ ጠቅልላ አመጣች። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ የመኪናውን መሪ ፈትቶ በክንዱ አንጠልጥሎ ሰልፍ ላይ ቆመ። መኪናው የት እንዳለ ቢጠይቁት፣ የትም አይሄድም አላቸው።

ባለሻወሯ ታምን ነበር ወይ ቢባል፣ አዎም አይደለምም ማለት ይከብዳል። ግን አንድ ነገር በዓይኗ ታያለች። ሰዎቹ ሲገቡ ትከሻቸው ወድቆ ነው፤ ሲወጡ ግን ፊታቸው በርቶ፣ ሽቅብ እያዩ፣ ምን እንደሚመጣላቸው ባያውቁም የሆነ ነገር መንገድ ላይ እንዳለ እርግጠኛ ሆነው ነው። ደስታቸው ይጋባባታል። ማታ ቤቷ ስትገባ ጉንጯን ያማታል። እሷ ራሷ ግን እዚያ ክፍል አንድም ቀን አልታጠበችም፤ ቤቷ ገብታ በሳፋዋ ትለቃለቃለች።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ታዲያ ያ ሁሉ ጨው፣ ያ ሁሉ ሎሚ፣ ያ ሁሉ ቅጠል የውሃ መውረጃውን ደፈነው። ውሃው መጀመሪያ በክፍሉ በር ስር ሾልኮ ወጣ። ቀጥሎ ቅጠልና የሎሚ ልጣጭ ተሸክሞ ኮሪደሩን ያዘ፤ ደረጃውን ወርዶ ወደ መንገዱ ተጓዘ፤ በጎን ደግሞ ወደ ልብስ ሰፊዋ ክፍል ገባ። ባለሻወሯ መጥረጊያ ይዛ ስትከተለው ሰው ይሸሻል ብላ ነበር። ማንም አልሸሸም። አንዱ «ከዚያ ክፍል የወጣ ነው» ብሎ ተናገረ፤ በዚያች ቅጽበት ሰልፈኛው ሁሉ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

መንገዱ በባዶ እግር ተሞላ። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ፊቱን የተላጨ ደንበኛውን ከነጨርቁ እየጎተተ ወጣ። ከማዕዘኑ ቁርስ ቤት አስተናጋጁ ትሪውን በራሱ ላይ ከፍ አድርጎ ተረከዙን ነከረ። ትራፊክ ፖሊሱ መኪኖቹን አስቆመ፣ ግራ ቀኙን ተመለከተ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ የቡትስ ጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር። የቆሙት ሾፌሮችም በመቆጣት ፋንታ በራቸውን ከፍተው እግራቸውን ወደ ውሃው ሰደዱ። ልብስ ሰፊዋ በበኩሏ የረጠበ ጨርቋን ትታ ከውሃው በጣቷ ወሰደችና ግንባሯን፣ ቀጥሎም የስፌት ማሽኗን ግንባር ቀባች።

ባለሻወሯ ይህን እያየች የሎሚ ልጣጭ ረገጠች። ተንሸራተተችና ደረጃው ስር ውሃው መሃል ዘጭ አለች። አልተጎዳችም፤ ግን ሳቁ ስለያዛት መነሳት አቃታት። ሊያነሷት የመጡት ሁለት ሰዎችም ሳቁ ተጋባባቸውና አጠገቧ ተቀመጡ።

የቧንቧ ሠራተኛው የደረሰው በዚህ መሃል ነው። አንድ ሰው ደውሎ ጠርቶታል። ትልቅ መፍቻ ከትከሻው ስለማይለይ ሰው «ጋሽ መፍቻ» ይለዋል። ሃምሳ የተጠጋ፣ ወፍራም፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሚስቱ ከሞተችበት ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ ልጅም የለውም። የቤቱ ኃላፊ ማን እንደሆነ ሲጠይቅ ሰው ሁሉ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠችው ሴት ጠቆመው። ኮፍያውን አነሳና «እመቤት፣ መጀመሪያ እርስዎን ላንሳ ወይስ ውሃውን?» አላት። ይህ ደግሞ ጨርሶ በሳቅ ገደላት። እጇን ዘረጋችለት፤ እሱም እንደ ላባ ከውሃው አወጣት።

ወደ ክፍሉ ሲሄድ ሰልፈኛው በሙሉ ተከተለው። ጋሽ መፍቻ ግድግዳውን በጆሮው አዳመጠና ጉርምርምታው ቧንቧው ውስጥ ከገባ አየር እንደሚመጣ፣ የላላውን ማሰሪያ አጥብቆ ወዲያው ዝም ሊያሰኘው እንደሚችል ተናገረ። ይህን ባይናገር ይሻለው ነበር። ፖስተኛው ክንዱን ዘርግቶ ቧንቧው ፊት ቆመ። ፀጉር ሠሪዋ ሠርጓ ሳይደርስ ማንም ይህን ቧንቧ እንደማይነካው አስታወቀች። የጭነት መኪናው ሾፌር መሪውን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ጋሽ መፍቻ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማቸውና፣ እሱ የተጠራው ለመውረጃው እንጂ ለድምፁ እንዳልሆነ ነገራቸው። ይህን ሲሰሙ ተነፈሱ፤ አንድ በአንድም ወጡለት።

ባለሻወሯ ፎጣ ልትሰጠው ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘችው። ሰውዬው ተንበርክኳል። መውረጃውን ከመክፈቱ በፊት ኮፍያውን አዙሮ ደፋ፣ ቱቦውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ «እኔ ላንተ ክፉ አላስብም፤ አንተም አታስብብኝ» ብሎ ሹክ አለው።

ሳቋ አመለጣት። ጋሽ መፍቻ ዘወር ሲል ያ ሁሉ ሰውነቱ የሚደበቅበት አጣ። ሥራ ያስተማረው ሰው ቱቦ ሳያስፈቅድ እንደማይከፍት፣ እሱም አንድ ጊዜ ንቆ ዝም ብሎ ቢከፍት የፈላ ውሃ ከነኮፍያው ኮርኒስ ድረስ እንዳስዘለለው ወለሉን እያየ ነገራት። ይቅርታ ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት የእሱም ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሱ ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው። ሁለቱ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንዷ ሰፈሩን የሚሰማ ሳቅ፣ አንዱ ምንም የማይሰማ ሳቅ እየሳቁ ቆዩ።

መውረጃው ተከፈተ። እንዳይደፈን ደግሞ ከሽቦ የተሠራ ወንፊት እንደሚያስፈልገው ተነጋገሩ፤ ጋሽ መፍቻ ሠርቶ ሊያመጣ ሄደ። አምጥቶ ገጠመው። በማግስቱ መያዙን ሊያይ መጣ። ከዚያ ሊያጠብቀው መጣ። ከዚያ ደግሞ መጥበቅ ያስፈልገው እንደሆነ ሊጠይቅ መጣ። በመጣ ቁጥር ጢሙ ተስተካክሏል፤ ፀጉር አስተካካዩ ይህ ሰው በዓመት የሚያገኘውን መላጨት በዚህ ሰሞን አገኘው እያለ ያወራ ነበር። መስኮቷ አጠገብ ቆሞ ስለ ውሃ ግፊት ይነግራታል፤ እሷም ግፊት እንዲህ የሚያስደስት ነገር መሆኑን እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር። ሳይመጣ በቀረ ቀን ግን ሳሙና ለጠየቃት ፎጣ ትሰጣለች፣ ፎጣ ለጠየቃት የመልስ ሰላምታ።

ከዚህ አልፎ የሚሄድ ነገር ግን የለም። እሱ አይናገርም፤ እሷም አትናገርም። ልብስ ሰፊዋ ከማሽኗ ላይ አንገቷን አስግጋ ሁሉንም ታያለች፤ ትዕግሥቷ እያለቀ ሄደ። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ቆርጣ መጣችና እህቷን ፊቷ አስቀመጠቻት።

«ያ ሰውዬ ወንፊቱን ነው ወይስ አንቺን ነው የሚያየው?»

«ወንፊቱን ነው እትዬ። ሥራው ነው።»

«ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ትዋሺኛለሽ? ስሚኝ፤ የሰው ሁሉ ዕድል ከዚህ ቤት ታጥቦ እየነጣ ሲሄድ አንቺ ደጅ ተቀምጠሽ ፎጣ ታጥፊያለሽ። ለምንድነው አንድ ቀን እንኳ እዚያ ክፍል የማትገቢው?»

ባለሻወሯ እንደ ልማዷ ልትቀልድ ፈለገችና ቀልዱ አልመጣላትም። «ታጥቤ ምንም ባይመጣስ?» አለች። «አሁን ቢያንስ ስላልታጠብኩ ነው እላለሁ።»

እህቷ ይህን ስትሰማ ሁለተኛ አልተቆጣቻትም። ጠጋ ብላ ሻሿን አስተካከለችላትና፣ በነጋታው ማለዳ ሰው ሳይመጣ ራሷ እንደምታጥባት፣ የሚቀመመውንም ሁሉ ራሷ እንደምታዘጋጅ ነገረቻት። እንቢ ማለት አይሆንም ነበር፤ ደግሞም እንቢ ማለት አልፈለገችም።

በነጋታው ገና ጎህ ሲቀድ ሁለቱ እህትማማቾች ሻወር ቤቱን ከፈቱ። ልብስ ሰፊዋ በባልዲ ያመጣችው ነገር ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአንድ መንደር የሚበቃ ነው። ክፉ ዓይን የሚገፋ ጨው አለበት፣ የተዘፈዘፈ ቅጠል አለበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማር አለበት፤ የሰውዬው ምላስ እንዲፈታና ቃሉ እንዲጣፍጥ። ማሩን ከጨው በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ትንሽ ተከራከሩበትና በአንድ ላይ እንዲሆን ወሰኑ። ባለሻወሯ ገብታ ቆመች፤ እህቷ በበሩ ክፍተት ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ለቀለቀቻት። በመጀመሪያ ቀዘቀዛት፣ ቀጥሎ አሳከካት፣ ቀጥሎ እየተጣበቀች መጣች። ቅጠሉ ጆሮዋ ላይ ተለጠፈ፤ ጣቶቿ እርስ በርሳቸው ተያያዙ።

«አሁን ክፈቺው» አለች እህቷ ከበሩ ውጭ በክብር።

ከፈተችው። ቧንቧው ዝም አለ። ከዚያ ማጉረምረም ጀመረ፤ ዛሬስ ከወትሮው ሁሉ የረዘመ፣ ግድግዳውን ዘልቆ መሠረቱን የሚነቀንቅ ጉርምርምታ ነው። ልብስ ሰፊዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ጉርምርምታው ቀስ በቀስ ቀጠነ፣ እንደ ማዛጋት ሆነ፣ ጠፋ። ጠብ ያለ ነገር የለም። የሰፈሩ ውሃ በሙሉ ተቋርጧል።

ባለሻወሯ ዓይኗን መግለጥ ፈራች፤ ጨው ነዋ። ማር ለብሳ በጨለማ ቆማ ምን እንደምታደርግ ስታስብ የውጭው በር ተንኳኳ። እህቷ ነጠላ ጫማዋን እያንኳኳች ሄዳ ስትከፍት ጋሽ መፍቻ ቆሟል። ዛሬ መፍቻ አልያዘም። በብብቱ ፎጣ ይዟል፤ የኮት ኪሱ በሎሚ ተወጥሯል።

ቤቱ ገና እንዳልተከፈተ ነገረችው። እሱም ይህን እንደሚያውቅ፣ ሰው ሳይበዛ መታጠብ ፈልጎ እንደመጣ፣ ከተቻለም ያንን የመጨረሻውን ክፍል እንደሚፈልግ በሰላላ ድምፅ መለሰ። ኮሪደሩ ባዶ ስለነበር እያንዳንዱ ቃል ማር የለበሰችው ሴት ጆሮ ይደርሳል።

«አንተ ደግሞ ምን ጎደለህ?» አለችው ልብስ ሰፊዋ። «ድምፁ አየር ነው ያልከው አንተ አይደለህም?»

«አየር ነው እትዬ።»

«ታዲያ?»

«አየርም ቢሆን» አለ ጋሽ መፍቻ፣ «ሰው የሆነ ነገር ለመናገር ሲፈራ ትንሽ እገዛ አይጠላም። አንዲት ሰው ልጠይቅ አስቤ ነው። በመጣሁ ቁጥር ስለ ውሃ ግፊት አውርቼ እመለሳለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ዞር ብላ አየች። ከመጨረሻው ክፍል ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ ትንፋሽ የመሰለ ነገር ነበር፤ ቀጥሎ የቆርቆሮው በር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ያ መንገድ የሚሻገር ሳቅ ኮሪደሩን ሞላው። ጋሽ መፍቻ ማን እንደሆነች ወዲያው አወቀ። ጆሮው እስኪግል አፈረ፣ ወደ በሩ ዞረ፣ ተመለሰ፣ ሎሚው ከኪሱ ወድቆ ተንከባለለ።

«ሰምተውኛል ማለት ነው?» ብሎ ወደ ኮሪደሩ ጠየቀ።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ» አለች ባለሻወሯ ከውስጥ፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «መልሱን ግን በዚህ ሁኔታ ልነግርህ አልችልም። ውሃ ጠፍቶብኛል፤ ተጣብቄያለሁ።»

ይህን ሲሰማ ሰውዬው ነፍስ ዘራ። ስለ ፍቅር ምንም ባያውቅ ስለ ውሃ ያውቃል። በመሰላል ጣሪያው ላይ ወዳለው፣ ከቧንቧው ጋር ወዳልተያያዘው የመጠባበቂያ ታንከር ወጣ፣ ባልዲ ሞልቶ ወረደ፣ ለልብስ ሰፊዋ አቀበለ፣ ደግሞ ወጣ። ውሃው በረዶ ነው። እያንዳንዱ ባልዲ ሲፈስ ከክፍሉ ጩኸትም ሳቅም የሆነ ድምፅ ይወጣል፤ ድምፁን በሰማ ቁጥር ጋሽ መፍቻ መሰላሉን በፍጥነት ይወጣዋል። ማሩ እንቢ ብሎ ብዙ ታገላቸው።

በመጨረሻ ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯ እንደረጠበ፣ ከብርዱ የተነሳ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ወጣች። ከጆሮዋ ጀርባ አንድ ቅጠል ቀርቷል። ጋሽ መፍቻ ባልዲውን እንደያዘ ቆመ። አያት፤ ኮፍያውን ሊያዞር እጁን አነሳና ተወው።

«እርስዎን…» ብሎ ጀመረና አቆመ። «አንቺን ባገባሽ ብዬ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደገፈች።

«አልታጠብክም እኮ» አለችው ባለሻወሯ።

«ውሃው እስኪመጣ መጠበቅ እችላለሁ።»

«አትጠብቅ» አለች። «ሳትታጠብም እሺ ነው።»

ባልዲው ከእጁ አመለጠና ኮሪደሩን እያንቋቋ ሄደ። ከውጭ ጭብጨባ ተሰማ። ለካ የማለዳው ሰልፈኛ ደርሶ፣ ፎጣውን በአንገቱ ጣል አድርጎ፣ በሩን ተደግፎ ሁሉን ሲሰማ ቆይቷል። በሩ ሲከፈት የፊተኞቹ ተደራርበው ወደ ውስጥ ወደቁ። ፀጉር ሠሪዋ ሁለቱንም እየሳመች አለቀሰች። ባለታክሲው ሙሽሮቹን በነፃ እንደሚያመላልስ ማለ። ፖስተኛው ግን የከነከነው ሌላ ነገር ነው። ቧንቧው ውሃ አልሰጠም፣ ሰውዬው አልታጠበም፤ ታዲያ ዕድሉ በምን መጣ? እሱ እንደመሰለው ጉርምርምታው ብቻውን ይበቃል። ልብስ ሰፊዋ የማሩ ሥራ ነው ብላ ድርቅ አለች። የጭነት መኪናው ሾፌር ደግሞ ጣሪያውን ቀና ብሎ እያየ፣ ከዚያ ታንከር አንድ ባልዲ ይሰጡት እንደሆነ ጠየቀ።

ሠርጉ ብዙም አልዘገየም። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ሰፍታ፣ አጥባ፣ እንደገና አጥባ አለበሰቻት። ከዚያ ባለሻወሯ ዕቃዋን በሻንጣ አድርጋ ወደ ባሏ ቤት ገባች። ያን ቤት ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም ነበር። ወጥ ቤት ገብታ እጇን ልትታጠብ ብትከፍት ቧንቧው እጀታ የለውም። ሌላው በጨርቅ ታስሯል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ያለው ደግሞ ከግድግዳው ጋር የተያያዘው በሽቦ ነው፤ ስትነካው እጇ ላይ ቀረ። የሰው ቤት ሲጠግን ኖሮ የራሱን የሚያይበት ጊዜ አላገኘም። ይህን ሊያስረዳት ሲሞክር እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ስለነበር አልሰማችውም፤ የጎረቤቱ ሰው ደህና መሆናቸውን ሊያጣራ ግድግዳውን ደበደበ።

እሑድ ዕለት ከቁርስ በኋላ ሥራ ጀመሩ። እሷ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ መፍቻና ክር ታቀብለዋለች፤ እሱ ጎኑ ላይ ተጋድሞ ከማጠቢያው ስር እግሩ ብቻ ይታያል። ወደ ምሳ ሰዓት ላይ የወጥ ቤቱ ቧንቧ መጀመሪያ ዝገት፣ ቀጥሎ ድፍርስ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ውሃ ለቀቀ። በሁለት እጇ ተቀበለችና ጠጣች፤ ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ሞልታ ምድጃ ላይ ጣደች። ጋሽ መፍቻ ከስር ወጥቶ እጁን እየጠረገ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ለነገ ቢሆን ምን ይመስልሻል ሲል ጠየቃት። ዛሬ ነው አለችው። መፍቻውን አንስቶ እየሳቀ፣ ማለትም ትከሻው እየሳቀ፣ ወደዚያው ሄደ።